«ወንድማማች ነን፣ ምን ያጻጽፈናል?» ከአልዩ አምባ ገበያ እስከ ዛሬው የቤተሰብ ሱቅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



መሐል ሜዳም እንሁን ራቤል፣ አለም ከተማም እንሁን ደብረ ብርሃን፣ በየከተማው የምናውቀው የሙስሊም ሱቅ አከፋፈቱ ተመሳሳይ ነው። ታላቅ ወንድም ሱቅ ይከፍታል። ታናሹ ከገጠር መጥቶ ይሸጣል። የአጎት ልጅ መርካቶ ወርዶ ዕቃ ያመጣል። አባት በሬ ሸጠው መነሻ ሰጥተዋል፤ እናት ጌጣቸውን አውልቀው ጨምረዋል። እህት ምሳ እያመላለሰች፣ ወንድሞቿ ሶላት ሲሄዱ ሱቁን እየጠበቀች አድጋለች። አሥር ዓመት እንዲህ ያልፋል፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሥራው ይሰፋል።

ከዚያ አንድ ቀን አባት ወደ አኼራ ይሄዳሉ፤ ወይም ታናሽየው ኒካህ ሊያስር ይነሳል። ያኔ «የእኔ ድርሻ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። መልሱ የትም አልተጻፈም። ታላቅየው «አሳድጌህ፣ አብልቼህ» ይላል። ታናሹ «አሥር ዓመት ያለ ደመወዝ ሠርቼ» ይላል። እህትን የሚጠይቃት የለም። በዒድ አንድ ትሪ ከበው የሚበሉ ልጆች በሽማግሌ ይነጋገራሉ።

ይህ የሆነው ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። «ወንድማማች ነን፣ ምን ያጻጽፈናል?» ተባብለው ስለጀመሩ ነው። መተማመን ካለ መዝገብ አያስፈልግም፤ መዝገብ የሚጠይቅ ሰው እምነት የጎደለው ነው የሚል ሐሳብ በመካከላችን ሥር ሰዷል። የገዛ አገራችን የንግድ ታሪክና ዲናችን የሚሉት ግን ተቃራኒውን ነው። ዛሬ ይህንኑ እናያለን። (ቀኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችን አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም. እንላለን።)

ደጋውና ገደሉ

የመንዝ ደጋ ብርዳም ነው። ገብስና በግ የሚስማማው አገር ነው። ከበጉ ፀጉር ሴቶች ይፈትላሉ፣ ከተፈተለው ባናና ዝተት ይሠራል። ጥጥ፣ ቡና፣ በርበሬና ጨው ግን ደጋው ላይ አይገኙም። እነዚህ የሚመጡት ደጋው በምሥራቅ በኩል ተቆርጦ ከሚወርድበት ገደል ሥር፣ ከይፋትና ከዚያም ወዲያ ካለው የአፋር ቆላ ነው። ደገኛው ያለ ቆለኛው፣ ቆለኛው ያለ ደገኛው አይኖርም ነበር። ይህን መውጫና መውረጃ በዋናነት የያዙት ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ።

ይፋት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የተነሣበት ምድር ነው። ሱልጣኔቱ ካለፈም በኋላ የወላስማ ስም አልጠፋም። በሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847) ይፋትን ያስተዳድሩ የነበሩት ወላስማ መሐመድ ነበሩ። ክርስቲያኑ ንጉሥ የምሥራቁን በር፣ ከባሕር የሚመጣው ሁሉ የሚያልፍበትን፣ ለሙስሊም ቤተሰብ አደራ ሰጥተው ነበር ማለት ነው።

የዚያ በር ትልቁ ገበያ አልዩ አምባ ነበር። ዛሬ በሰሜን ሸዋ አንኮበር ወረዳ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ሸዋን የጎበኙ እንግሊዞች፣ የመልእክተኞቹ መሪ ሐሪስም ሆነ በዚያው ከተማ የተቀመጠው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን፣ ስለዚህች ከተማ ጽፈዋል። ገበያው የሚቆመው በጁሙዓ ነው። አፋሩ በግመል ጨው ይዞ ይመጣል። ሐረሬው ቡናና ጨርቅ ያመጣል። ነጋዴና ሸማኔ የሆነው አርጎባ ቤቱ እዚያው ነው። ደገኛው እህሉን፣ በቅሎውንና የሱፍ ልብሱን ይዞ ይወርዳል። እውነቱን ለመናገር ከዚያው አጠገብ አብዱረሱል በሚባል ስፍራ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ታሪካችንን ስንናገር ይህን ደብቀን አናልፍም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። አፋሩ፣ ሐረሬው፣ አርጎባውና መንዜው በቋንቋ አይገናኙም፣ በዘር አይዛመዱም፣ በሃይማኖትም ሁሉም አንድ አይደሉም። ታዲያ ሰው ዕቃውን ለማያውቀው ሰው ትቶ ወደ አገሩ እንዴት ይመለሳል? በመተማመን ብቻ አልነበረም። የሐረር ነጋዴዎች በአልዩ አምባ የአሚራቸው ተጠሪ ነበራቸው፤ ነጋዴው በደል ሲደርስበት የሚሄድበትን ያውቃል። ሻጭና ገዥን የሚያገናኝ ደላላ አለ። ውል ሲደረግ የሚቆም ምስክር አለ። መተማመኑ የቆመው በእነዚህ ምሰሶዎች ላይ ነበር።

ቋንቋችን ራሱ ይህን ይመሰክራል። ሱቅ፣ ሂሳብ፣ ደላላ፣ ወኪል፣ ሽርክና፤ እነዚህ ሁሉ ከዐረብኛ የመጡ ቃላት ናቸው። አማርኛ ተናጋሪው ሁሉ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ዛሬ ሂሳቡን የሚሠራው ነጋዴ አያቶቻችን ባመጡት ቃል ነው። «ሂሳብ» የሚለውን ቃል ለአገር ያስተዋወቀ ሕዝብ ልጆች «ምን ያጻጽፈናል» ስንል ያሳፍራል።

በአንድ ሰው ስም ላይ የቆመ ቤት

ከሣህለ ሥላሴ በኋላ በነበረው ዘመን የሸዋንና የባሕሩን መንገድ በብዛት የያዘ አንድ ቤተሰብ ነበር፤ የአቡበከር ኢብራሂም ቤተሰብ። አቡበከር አፋር ነበሩ። በግብፆች ዘመን የዘይላ ገዥ ሆነው የፓሻ ማዕረግ አግኝተዋል። ብዙ ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ ልጆቹ ከባሕሩ ዳር እስከ ሸዋ በንግዱም በመልእክተኝነቱም ተሰማርተው ነበር። ከተጁራ ወይም ከዘይላ ወደ አንኮበር መሄድ የሚፈልግ አውሮፓዊ ነጋዴ የእነሱን በጎ ፈቃድ ሳያገኝ ግመል ለማግኘት ይቸገር ነበር። የባሪያ ንግዱም ውስጥ እጃቸው ነበረበት።

እንደ ቤተሰብ ድርጅት ካየነው ኃይሉ ግልጽ ነው፤ በየኬላው የሚያምኑት የራስ ሰው አለ። ድካሙም ያው ነው። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በአንድ አባት ስም፣ ባላቸው ትውውቅና ሹመት ላይ ነበር። እንግሊዞች በ1884 ዘይላን ያዙ፤ አቡበከር በ1885 ሞቱ። ብዙም ሳይቆይ ፈረንሳዮች ጅቡቲን ቆረቆሩ፣ መንገዱም ወደዚያ ዞረ። ያ ስም የነበረው ክብደት አልተመለሰም።

አባት ሲያልፉ አብሮ የሚያልፍ ነገር ብዙ ነው። ደንበኛው የሚያውቀው እሳቸውን ነው፤ ዱቤ የሰጠው አከፋፋይም የሚያምነው እሳቸውን ነው። በሕይወት እያሉ ለልጆች ያልተላለፈ ትውውቅና ያልተነገረ ዕዳ፣ ከእሳቸው ጋር ይቀበራል።

የተቃጠሉት 34 ደብተሮች

ይህን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው በዚያው መንገድ፣ በዚያው ዘመን የሆነ ሌላ ታሪክ ነው። ባለቤቶቹ ሙስሊሞች አይደሉም፤ ትምህርቱ ግን ለሁላችንም ነው።

ፒየር ላባቱ የሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ አንኮበር አካባቢ ይኖር ነበር፤ አገሬ ሴት አግብቶ ነበር። በ1885 ከሌላ ፈረንሳዊ ጋር ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ለማምጣት ተዋዋለ። ያ ሰው በኋላ ዓለም በገጣሚነቱ ያወቀው አርተር ራምቦ ነው። ግመሎቹ ከባሕር ዳር ሳይነሱ ላባቱ ታመመ፤ ወደ አገሩ ተመልሶ በ1886 ሞተ። ራምቦ 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት ይዞ በረሃውን አቋርጦ በየካቲት 1887 አንኮበር ደረሰ።

የጠበቀው ትርፍ ሳይሆን የሟች ሸሪኩ ዕዳ ነበር። ከየአቅጣጫው ባለዕዳ ነኝ ባይ መጣ። አንዱ ለግመል ይላል፣ ሌላው ለአገልግሎት፣ ሌላው ለብድር። ሚስቲቱም የሟች ባሏን ንብረት ይዛ ተሟገተች። ምኒልክም ዋጋውን ዝቅ አድርገው፣ ላባቱ ነበረበት የተባለውን ዕዳ ከላዩ ላይ ቀነሱ፤ ቀሪውንም ሐረር ላይ ከመኮንን እንዲቀበል አዘዙ። ራምቦ የትኛው ዕዳ እውነት፣ የትኛው ውሸት እንደሆነ የሚለይበት መንገድ አልነበረውም።

የሚያስገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። ላባቱ ይጽፍ ነበር። ራምቦ ራሱ ዓደን ላለው የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል በላከው ደብዳቤ እንደተናገረው፣ በሟቹ ቤት 34 ደብተር አገኘ፤ የግል ትዝታ ብቻ መስሎት አቃጠላቸው። በኋላ በመካከላቸው የንብረት ሰነዶች እንደነበሩ ተነገረው!

አስቡት፤ ሁለት ዓመት የለፋበት፣ ሕይወቱን ያስያዘበት ሽርክና፣ ስለ ሸሪኩ ሂሳብ ምንም ሳያውቅ የገባበት ነበር። ላባቱ ጻፈ፣ ግን ለሸሪኩ አላሳየም። ሁለት ሰው የማያውቀው መዝገብ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ዛሬም ታላቅ ወንድም ብቻ የሚያነበው የዱቤ ደብተር፣ በአንዱ ስልክ ውስጥ ብቻ ያለ የባንክ ሂሳብ፣ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ዲናችን ምን አለ?

በቁርአን ውስጥ ረጅሙ አያ ስለ ሶላት ወይም ስለ ጾም አይደለም። የሱረቱል በቀራ 282ኛው አያ ነው፤ የሚናገረውም ስለ ዕዳ መጻፍ ነው። ትንሽም ይሁን ትልቅ ለመጻፍ እንዳንሰለች ያዘናል፤ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ባለ ዕዳው ራሱ እንዲያስጽፍ፣ ምስክር እንዲቆም ያዛል። ይህ መመሪያ የተሰጠው ለማን ነው? ለሌቦች አይደለም፤ አያው የሚጀምረው ያመኑትን በመጥራት ነው። እርስ በርሳቸው ለሚተማመኑት ነው «ጻፉ» የተባለው።

በሱረቱ ሷድ ደግሞ በነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ፊት የቀረቡትን ሁለት ተካሳሾች እናገኛለን። አንዱ ስለ ወንድሙ ይከሳል፤ እሱ 99 በግ አለው፣ እኔ አንዲት በግ ብቻ አለችኝ፣ እሷንም ስጠኝ አለኝ ይላል። ነቢዩ ዳውድም ከሚጋሩ ሰዎች ብዙዎቹ፣ ምእመናን ሲቀሩ፣ አንዱ በሌላው ላይ ወሰን እንደሚያልፍ ተናገሩ። የበግ አገር ሰዎች ስለሆንን ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በደሉ የመጣው ከባዕድ ሳይሆን «ወንድሜ» ከተባለው ነው።

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው በሽርክና ሠርተዋል። ከነቢይነት በፊት ሸሪካቸው የነበረው ሳኢብ፣ የማያታልሉና የማይከራከሩ ሸሪክ እንደነበሩ መስክሯል። የኸዲጃን (ረ.ዐ) ንብረት ይዘው ወደ ሻም ሲሄዱም ነገሩ በውል ነበር፤ ገንዘቡ የእሷ፣ ሥራው የእሳቸው፣ ክፍያቸውም የታወቀ ነበር። የእሷ ሰው መይሰራ አብሯቸው ሄዶ ያየውን ነግሯታል። እነሆ፤ «አል-አሚን» ተብለው የሚጠሩት ሰው እንኳ አብሯቸው የሚሄድ ሰው ሲላክ አልተቀየሙም። ትዳሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራው ግልጽ ስለነበር ፍቅሩ ጸና።

በኢማም ማሊክ ሙወጣእ ውስጥ ያለው የዑመር (ረ.ዐ) ልጆች ታሪክ ደግሞ ለቤተሰብ ነጋዴ ሁሉ የተነገረ ይመስላል። አብዱላህና ዑበይዱላህ ከዒራቅ ዘመቻ ሲመለሱ የበስራው ገዥ አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ ወደ መዲና መድረስ ያለበትን የመንግሥት ገንዘብ በብድር ሰጣቸው፤ ነግደው ዋናውን እንዲያስረክቡ፣ ትርፉ ለእነሱ እንዲሆን። ነግደው አተረፉ። ዑመር ግን «ለሠራዊቱ ሁሉ እንዲህ አበድሯል ወይ?» ብለው ጠየቁ። አላደረገም። የሰጣችሁ የእኔ ልጆች ስለሆናችሁ ነው ብለው ዋናውንም ትርፉንም እንዲመልሱ አዘዙ። አብዱላህ ዝም አለ። ዑበይዱላህ ግን ገንዘቡ ቢጠፋ ኖሮ የምንከፍለው እኛ ነበርን ሲል ተከራከረ። በመጨረሻ ከተቀመጡት አንዱ ባቀረበው ሐሳብ እንደ ቂራድ፣ ማለትም አንዱ ገንዘብ ሌላው ጉልበት እንዳዋጣበት ሽርክና ተቆጠረ፤ ዋናውና የትርፉ ግማሽ ለሕዝብ ገባ፣ ግማሹ ለእነሱ ሆነ።

አባት የመሪ ሥልጣን እያላቸው ልጆቻቸውን ለይተው አልጠቀሙም፤ የልጆቹንም ልፋት ባዶ አላስቀሩም። የዝምድና ጥቅም ተወገደ፣ የሥራ ዋጋ ተከፈለ። ብዙ የቤተሰብ ሱቅ የሚፈርሰው እነዚህ ሁለቱ ሲደባለቁ ነው።

ከመንዝ ጓሳ የምንማረው

ለማስተማር ሩቅ መሄድ አያሻም። መንዝ ገራ ውስጥ ጓሳ የሚባል 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የጋራ ደጋ አለ፤ ለቤት ክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር የሚገኝበት። የመንዝ ክርስቲያን ወገኖቻችን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጠበቁት ነው። አስቦና ገራ ከሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች የሚወለዱ ሰዎች የጋራ ርስት ነበር።

የአንድ አባት ልጆች ስለሆኑ ግን «ሁሉም እንደፈለገ ይጨድ» አላሉም። የቄሮ ሥርዓት አቋቋሙ። አለቃ ይመርጣሉ። ሣሩ እንዲያገግም ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል። የሚከፈትበት ቀን ለሁሉም ይነገራል፤ ከዚያ በፊት የገባ ብርቱ ቅጣት ይጠብቀዋል። በ1975 የመሬት አዋጅ የርስቱ ሥርዓት ሲሻር የቄሮው ሥልጣንም አከተመ፤ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ ኅብረተሰቡ በአዲስ መልክ ተደራጅቶ ጥበቃውን ቀጠለ።

አንድ የዘር ግንድ ለሦስት መቶ ዓመት አንድ ሀብት በጋራ ይዞ የቆየው በዝምድናው ሳይሆን ዝምድናውን ባሰረው ደንብ ነው። ደንቡ ሲላላ ዝምድናው ብቻውን ሣሩን አላዳነውም።

ከዐረብ ሱቅ እስከ እቁብ

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በየከተማው «ዐረብ ሱቅ» የሚባለው የየመኖች ሱቅ ነበር። አሠራሩን ትልልቆቻችን ያስታውሳሉ። ከየመን የመጣ የወንድም ልጅ መጀመሪያ ባለቤት አይሆንም፤ ሠራተኛ ነው። ይጠርጋል፣ ይመዝናል፣ ሚዛን አለማጭበርበርን ይማራል። ሲበቃ ከአከፋፋዩ በዱቤ ዕቃ ወስዶ በሌላ ከተማ የራሱን ይከፍታል። ዘመድነቱ በሩን ከፈተለት፤ ያሳደገው ግን ሥራው ነው።

ሕንዶቹም ነበሩ። የቦህራ ሙስሊሞች የነበሩት የመሐመድ አሊ ቤተሰብ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሐረር ላይ ጀምረው፣ አዲስ አበባ ገብተው፣ በአገሪቱ ካሉት የአስመጪና ላኪ ድርጅቶች ሁሉ ታላቅ ከሚባሉት አንዱ ለመሆን በቁ። ጣሊያን በ1937 እስኪያባርራቸው ድረስ በብዙ ከተማ ቅርንጫፍ ነበራቸው። በየከተማው ቅርንጫፍ ያለው ቤት በቃል ትዝታ አይመራም።

እቁባችንንም እንይ። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው። ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ጠርቶ ነው ገንዘብ የሚወስደው። የታወቀ ሐጂም ቢሆን ዋስ ይጠራል፤ ማንም አይቀየምም። እቁብ ላይ ለጎረቤት የማናፍረውን ነገር ሱቅ ላይ ለወንድም የምናፍረው ለምንድን ነው?

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. መነሻው ይጻፍ። አባት የሰጡት ስጦታ ነው፣ ብድር ነው ወይስ ድርሻ? የእናት ጌጥስ? ዛሬ በአንድ ገጽ ወረቀትና በሁለት ምስክር የሚያልቀው፣ ነገ በሦስት ዓመት ክርክር አያልቅም።

2. ደመወዝና ትርፍ ይለይ። ታናሽ ወንድም ሠራተኛ ከሆነ ወርሃዊ ደመወዝ ይቆረጥለት፤ ሸሪክ ከሆነ ድርሻው በመቶኛ ይታወቅ። «ቤተሰብ ነን» እየተባለ በምግብና በልብስ ብቻ የሚሠራ ወንድም፣ ዘግይቶም ቢሆን ይጠይቃል።

3. መዝገቡን ቢያንስ ሁለት ሰው ይየው። ዱቤ፣ ዕዳ፣ ባንክ፣ ሁሉም። የላባቱን ደብተር አንርሳ።

4. ሽርክናው ሕጋዊ መልክ ይያዝ። የንግድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ዓ.ም.) ለትንሽ ቤተሰብም የሚሆን የሽርክናና ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር መንገድ አስቀምጧል። ዘምዘምና ሒጅራ ባንኮችም ከ2021 ጀምረው ከወለድ ነፃ አገልግሎት እየሰጡ ነው፤ ስለ ሙዷረባና ሙሻረካ መጠየቅ ይቻላል።

5. ሚራስ አይዘግይ። ይህ ከሁሉ የከበደው ነው። አባት ሲሞቱ «ሱቁ እንዳይበተን» እየተባለ ሳይከፋፈል ይቀመጣል፤ ዓመታት ሲያልፉ ወንዶቹ የራሳቸው አድርገው ያስቡታል። የእህትን ድርሻ የወሰነው ግን አላህ ነው፤ በሱረቱ ኒሳእ። አክሲዮኗ ሱቁ ውስጥ ይቆይ ከተባለም በፈቃዷ፣ በጽሑፍ፣ ከትርፉ ድርሻዋን እያገኘች ነው። ስምምነት ካልተገኘ ሁሉም ተካሳሾች ከፈቀዱ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ዓ.ም. የተቋቋሙት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሉ። እህቱን ከሚራስ ከልክሎ ዑምራ የሚሄድ ወንድም በረካን የት ያገኘዋል?

ውድ ወጣቶች፣ ሱቁ የእናንተ ባይሆንም ወረቀቱን ማንሣት የምትችሉት እናንተ ናችሁ። ተምራችኋል፣ ሂሳብ ትችላላችሁ። አባታችሁ በሕይወት እያሉ፣ በአክብሮት፣ ከመግሪብ በኋላ ቤተሰቡ በተቀመጠበት ይህን ጉዳይ አንሡ። «አባባ፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ለእኛ ሲሉ እንጻፈው» በሉ። እምነት ስለጎደለ አይደለም። እምነቱ ከእናንተ በኋላም ለልጆቻችሁ እንዲተርፍ ነው።

አላህ በረካውን ይስጠን፤ በወንድማማች መካከል ፍቅርን ያኑር፤ ሐቅን ከነባለቤቱ የምናውቅ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።